ከበቅሎ ጋር የተቆራኘሁበት እሑድ

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። እናንተም ከሁለቱ አንዱን ብታደርጉ አልቀየማችሁም። እንዲያውም ባትስቁ ነው የሚገርመኝ፤ እኔ ራሴ ስጽፈው ሁለት ሦስት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ስቄያለሁ። ነገሩ ግን የምር ደርሶብኛል። ከአንዲት በቅሎ ጋር ታስሬ፣ ኮርቻዋን በትከሻዬ ተሸክሜ፣ ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ፤ የሄድኩትም ሚስት ላገባ ነው።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከጎጃም መጥቼ ሱሉልታ ላይ በማመልከቻ ጸሐፊነት እተዳደር ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ በየአካባቢው አጥቢያ ዳኞች የተሾሙበት ሰሞን ስለነበር የእኔ ዓይነቱ ሰው ሥራ አይፈታም። አንዱ የሣር መሬቴን ድንበር ገፋብኝ ይላል፤ ሌላው ውኃዬን ወደ ማሳው ጠለፈብኝ ይላል፤ ሁሉም ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣል። እኔም የአንዲት ዶሮን ሞት የአገር ጥፋት አስመስዬ እጽፍላቸዋለሁ። ብዕሬ ስል ነበረች፤ ምላሴ ደግሞ ከብዕሬ ትብስ ነበር። በሙግት የሚረታኝ ሰው አልተፈጠረም ብዬ አምን ነበር፤ ይህንንም ከማንም አልደብቅም። አንዳንድ ሰዎች አይወዱኝም ነበር፤ አሁን ሳስበው እውነት ነበራቸው።

ቡራዩ ላይ ባላምባራስ ይፍሩ የሚባሉ ባለ ርስት ነበሩ። በአንድ ደንበኛዬ ጉዳይ እቤታቸው ሄጄ ልጃቸውን ዘነበችን አየኋት። የምጠጣው ውኃ አቀበለችኝ፤ ብርጭቆውን ስመልስላት "ጽሕፈትዎ ከምላስዎ ይሻላል ይላሉ" አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሽማግሌ ላክሁ። ባላምባራስ "እናስብበት" ብለው መለሷቸው። ደግሜ ላክሁ፤ ደግመው መለሷቸው። በሦስተኛው ጊዜ ግን ልጁን ራሱን አምጡትና ልየው፣ በእግሩ የሚኳትን ሰው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ልጄን ለእግረኛ አልሰጥም አሉ። ከሽማግሌዎቼ አንዱ፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ "ኧረ ያማረች በቅሎ አለችው" ብሎ ቁጭ።

በቅሎ አልነበረኝም። የነበረችው ለአቶ ማሞ ነው፤ አቶ ማሞ ከሱሉልታ ሜዳ ሣር እያሳጨዱ አዲስ አበባ የሚሸጡ ነጋዴ ሲሆኑ፣ የሙግታቸውን ወረቀት ሁሉ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። ችግሬን ነግሬያቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ከነኮርቻዋ አዋሱኝ። ቀኑ የጥቅምት እሑድ ነበር። ሽማግሌዎቼ ዋዜማውን ቡራዩ ሄደው አድረዋል። የእኔ ድርሻ አዲሱን ሱሪና እጀ ጠባቤን ለብሼ፣ ነጭ ኩታዬን ደርቤ፣ አለንጋዬን ይዤ፣ እኩለ ቀን ሲሆን በባላምባራስ ደጅ እንደ ጌታ ከበቅሎ መውረድ ብቻ ነበር።

ከከተማው ወጣ እንዳልኩ አንዲት ትንሽ ወንዝ አለች። በክረምት ታስፈራለች፤ በጥቅምት ግን ጉልበት አትደርስም፤ ዳርና ዳሯ ብቻ ማጥ ነው። በቅሎዋ እዚያ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። በተረከዜ ጎሰምኳት፤ ወይ ፍንክች። በአለንጋው ገረፍኳት፤ ወደ ኋላ ሄደች። ወርጄ በልጓሟ ጎተትኳት፤ አራት እግሯን ተክላ አንገቷን ዘረጋችልኝ እንጂ አልመጣችም። ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን መናገር ደስ አይለኝም። ገረፍኳት፣ ደገምኳት፣ በመጨረሻም ፊት ለፊቷ ቆሜ በአለንጋው እጀታ አፍንጫዋን መታኋት።

"በጃንሆይ አምላክ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ለዛሬ ልጆች ይህ ቃል ምን ማለት እንደነበር ማስረዳት ያስቸግራል። ሁለት ሰዎች ቢደባደቡ፣ መንገደኛ ይህን ካለ ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስባሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ጡጫ የጨመረ ሰው የጨመረው በባላንጣው ላይ ሳይሆን በንጉሡ ላይ ነው። ነገሩም ዳኛ ፊት ሳይቀርብ አይበርድም። እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ወረቀት ራስ ላይ የንጉሡን ስም እየጻፍኩ የምበላ ሰው ነኝ። እጄ አየር ላይ ቀረች።

ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ገበሬ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ኦቦ ገመዳ ይባላሉ፤ በወንዙ ማዶ የሚያርሱ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ከቅዳሴ የሚመለሱ አምስት ሴቶች ቆመዋል።

"አካም ቡልቴ" አሉኝ መጀመሪያ፤ ሰው ሊከሱ እንኳ ሰላምታ አይዘልሉም።

"በማን ስም ነው በጃንሆይ አምላክ ያሉኝ?" አልኳቸው።

"በእሷ። አፍ ቢኖራት ራሷ ትልህ ነበር።"

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ይቅርታ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ግን ምላሴ በላችኝ። እንግዲያው ከሳሼ በቅሎዋ ናት ማለት ነው አልኩ። ቀጥዬም፣ በቀድሞው ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ እንደሚሄዱ አስታወስኳቸውና "በሉ፣ ትቆራኘኝ" ብዬ የኩታዬን ጫፍ ዘረጋሁ። ሴቶቹ እንዲስቁልኝ ብዬ ነው። አንዳቸውም አልሳቁም።

ኦቦ ገመዳ ጥቂት አሰቡና "ልክ ነህ፣ ደንቡ እሱ ነበር" አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው የኩታዬን አንድ ጫፍ ከበቅሎዋ ልጓም ጋር፣ ሌላውን ጫፍ ከግራ እጄ አንጓ ጋር ቋጠሩት። ቋጠሮው የገበሬ ቋጠሮ ነበር።

ለምን ፈትተህ አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። በአምስት ምስክር ፊት በጃንሆይ ስም የታሰረ ቋጠሮ ፈትቶ የሮጠ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከዚያ በኋላ ማን ማመልከቻ ያጽፈዋል? ደግሞም የአጥቢያው ዳኛ የግራዝማች ወልዴ ቤት በቅርብ ነው። በሁለት ቃል አሳምኜ፣ ኦቦ ገመዳን አሳፍሬ፣ በሰዓቱ ቡራዩ እደርሳለሁ ብዬ አሰብኩ።

ግራዝማች ቤታቸው አልነበሩም። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው እኔንም በቅሎዋንም ካዩ በኋላ፣ ምንም ሳይጠይቁ ባላቸው ቡራዩ መሄዳቸውን ነገሩን። ባላምባራስ ይፍሩ የሚባሉ የክርስትና ወዳጃቸው ዛሬ አማች ሊያዩ ነው፤ ልጁን አብረው መዝኑልኝ ብለው አስጠርተዋቸዋል።

ልጁ እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ነገ ተመልሰን ብንመጣ ይሻላል አልኩ። ኦቦ ገመዳ ግን በንጉሥ ስም የተያዘ ነገር ሳይታይ ፀሐይ አትጠልቅበትም፣ ቡራዩም ቢሆን ከሰማይ በታች ነው አሉ። እኔስ ቢሆን የምሄደው ወዴት ነው? ወደዚያው አይደል? ሄድን።

ወንዙን ለመሻገር ኦቦ ገመዳ ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ላይ ወሰዱን። እዚያ ወንዙ ሰፋ ያለና ድንጋያማ ነው። በቅሎዋ ሳትጠየቅ ገባችበት፤ እኔን እየጎተተች ተሻገረች። አዲሱ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ውኃ አይደለም ማለት ነው የፈራችው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ግን በዚያ ሰዓት የሚያሳስበኝ ሱሪዬ ነበር።

ከማዶ እርካቡን ይዤ ልወጣባት ስል ኦቦ ገመዳ በትራቸውን አሻገሩብኝ። ተከሳሽ በከሳሹ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ዳኛ ፊት ይቀርባል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩበት። አይቀርብም። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ "ኮርቻው የማን ነው?" አሉኝ።

"የኔ" አልኩ፤ የተዋስኩት ቢሆንም ያው በእጄ ያለ ዕቃ ነው።

"የአንተን ዕቃ ከሳሽህ በምን ዕዳዋ ትሸከማለች?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልስ ፈለግሁ። ስንቱን ባለሥልጣን በወረቀት ያንበረከክሁ ሰው፣ ለዚህ ክርክር ቀዳዳ አጣሁለት። ኮርቻውን ፈትቼ በትከሻዬ ተሸከምኩ። ኮርቻ በበቅሎ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው ላይ ሲሆን እርካቡ ጎንን ይደበድባል፣ እንጨቱ ማጅራትን ይቆረጥማል።

መንገዱ አላልቅ አለ። በቅሎዋ ሣር ስታይ ትቆማለች፤ እሷ ስትቆም እኔም እቆማለሁ። ስትሄድ እሄዳለሁ። የሚያጋጥመን መንገደኛ ሁሉ ምን እንደሆንን ይጠይቃል፤ ኦቦ ገመዳ ለእያንዳንዱ በኦሮምኛም በአማርኛም ከመጀመሪያው ጀምረው ይተርካሉ። አንዱ ነጋዴ በቅሎዋን ክስ አንሺ ብሎ ሊያስታርቀን ሞከረ። አንዲት አሮጊት ደግሞ እኔን ትተው "አይዞሽ እናቴ" ብለው አንገቷን አሻሿት። እኔን አይዞህ ያለኝ የለም።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ላቤን ለመጥረግ እጄን ባነሣሁ ቁጥር በቅሎዋ ራሷን ወደ ኋላ ትወረውራለች፤ ኩታው ይወጠርና ከነኮርቻዬ ልወድቅ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ተንኮል መሰለኝ። ሁለተኛም መሰለኝ። በሦስተኛው ዓይኗን አየሁት፤ ጥቁሩ ዙሪያ ነጩ ወጥቶ ነበር፤ የምታየው ደግሞ እጄን ነው። ከዚያ በኋላ ላቤን ዝቅ ብዬ በትከሻዬ ጠረግሁ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ለራሴም አልነገርኩትም።

ቡራዩ ስንደርስ ቀኑ ከእኩለ ቀን አልፏል። ባላምባራስ ይፍሩ እንግዶቻቸውን ይዘው ደጅ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ሽማግሌዎቼ አሉ። ጠጅ ተቀድቷል። ባላምባራስ መጀመሪያ በቅሎዋን አዩ፤ ፊታቸው ፈካ አለ። ቀጥለው ኮርቻውን ፈለጉ። ኮርቻውን እኔ ላይ አገኙት።

ያ አፉ የማያርፈው ሽማግሌዬ "ልጁ ይኸው" አለ፤ ምን ይበል።

ግራዝማች ወልዴ ከእንግዶቹ መካከል ተነሡ። ቀጭን፣ መነጽራም ሰው ናቸው፤ ሕግን ከምግብ አብልጠው ይወዳሉ። ኦቦ ገመዳ ነገሩን ካስረዱ በኋላ እንግዳው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ግራዝማች ግን መነጽራቸውን ጠረጉ። ባላምባራስ ተቆጥተው ይህ ቡራዩ እንጂ ሱሉልታ አይደለም፣ የእርስዎ ግዛት አይደለም አሏቸው።

"ነገሩ የተወለደው በኔ አጥቢያ ነው ባላምባራስ" አሉ ግራዝማች። "እግር አውጥቶ ተከተለኝ እንጂ እኔ አልተከተልኩትም።"

በዚህ ዓይነት ችሎቱ ግቢው ውስጥ ተሰየመ። ግራዝማች ጸሐፊያቸውን ስላላመጡ፣ ከተሰበሰበው ሰው መካከል ደኅና ጽሕፈት ያለው ማነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። ወረቀት ከቤት ወጣ። ግራ እጄ ከበቅሎዋ ጋር እንደታሰረ፣ በቀኝ እጄ የራሴን መዝገብ መጻፍ ጀመርኩ። የከሳሽ ስም፦ ዳማ በቅሎ። የአባት ስም ሲባል ብዕሬን አቁሜ ግራዝማችን አየኋቸው፤ አባቷ አህያ ነው አልኩ። ጻፈው፣ አባቱን የሚመርጥ የለም አሉ። ሃይማኖት ሲባል ኦቦ ገመዳ እሑድ እሑድ ተጭና እንደማታውቅ፣ ዛሬ የመጀመሪያዋ እንደሆነ መሰከሩ። እሑድን ታከብራለች ብለህ ጻፍ ተባልኩ፤ ጻፍኩ።

እኔም የሙያ ነገር ሆኖብኝ መቃወሚያ አቀረብኩ። ኦቦ ገመዳ የከሳሽ ወኪል ነኝ ይላሉ፣ የውክልና ወረቀት ግን የላቸውም አልኩ። ኦቦ ገመዳ እኔ አልጎተትኳትም፣ በራሷ እግር ተከትላኝ መጣች፣ የተጎተተው እሱ ነው ብለው መለሱ። መቃወሚያዬ ውድቅ ሆነ። ውድቅ መሆኑንም በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ከዚያ ግራዝማች "በቅሎዋ የማን ናት?" አሉኝ።

የኔ ናት ብል በዳኛ ፊት መዋሸቴ ነው፤ የሰው ናት ብል ባላምባራስ እዚያው ቆመዋል። በቤቱ መስኮት መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁ። ዘነበች ከኋላው እንዳለች አወቅሁ። "የአቶ ማሞ" አልኩ በቀጭን ድምፅ። አፉ የማያርፈው ሽማግሌዬ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ባላምባራስ ጢማቸውን አሻሹ።

አሁን የቀረኝ ክርክሩን ረትቶ ክብሬን መመለስ ነው። ከረታሁ፣ ቢያንስ ምላሳም አማች ነው ብለው ይወስዱኝ ይሆናል። ተነሥቼ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። እንስሳ ጭራሽ አያመውም አልልም፣ እንደ ሰው ግን አያመውም አልኩ። ሰው ሲመታ ነገም ያስታውሰዋል፣ ያዝናል፣ ያፍራል፣ ይፈራል። በቅሎ የምታውቀው አለንጋው ያረፈባትን ቅጽበት ብቻ ነው። ኀዘን የላትም፤ ወዳጅ የላትም፤ ትናንት የላትም። ትናንት ለሌለው ፍጡር ደግሞ በደል የለም። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ "ልጁስ አንደበት አለው" ሲል ሰማሁት፤ የባላምባራስም ግንባር ትንሽ ተፈታ።

ግራዝማች መነጽራቸውን አወለቁ።

"በመስከረም ለአቶ ማሞ አንድ ማመልከቻ ጽፈህ ነበር" አሉ። "ረስተኸዋል፤ እኔ ግን ደጋግሜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ።" ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጠሉ። "'ጎረቤቴ ቦዩን በመጥለፉ ማጥ በሆነው መሻገሪያ፣ አንደኛዋ በቅሎዬ ሰጥማ ሞታለች። ጓደኛዋ ዳማ በቅሎም ይህን በዓይኗ ካየች ወዲህ፣ በደረሰባት ጽኑ ኀዘን ሦስት ቀን እህል ውኃ ሳትቀምስ ሰንብታ፣ ዛሬም ከዚያ ስፍራ ስትደርስ እየተንቀጠቀጠች ከሥራ ስለተስተጓጎለች፣ ለሟቿም ለኀዘንተኛዋም ካሳ ይወሰንልኝ።'"

እጄ ላይ ያለው ብዕር ቆመ።

"እኔ አንተን አምኜ ፈረድኩ" አሉ ግራዝማች። "እንግዲህ ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ ዛሬ ትዋሻለህ። የቱ ነው?"

ወገኖቼ፣ ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽኑ ኀዘን የምትለዋን ካሳው ከፍ እንዲል ብዬ ከራሴ ጨምሬያታለሁ። መቆሟንና አለመብላቷን ግን አቶ ማሞ ነበሩ የነገሩኝ፤ የሞተችውን ትተን ስንሄድ ይቺኛዋ ከዳሩ አልነሣም ብላ ቀኑን ሙሉ ዋለች ብለውኝ ነበር። እኔ ጻፍኩት፣ ፈረምኩት፣ ረሳሁት። ዛሬ ጧት እዚያው ዳር ላይ ቆማ እምቢ ስትለኝ፣ በገዛ እጄ የጻፍኩትን አላስታወስኩም።

ግራዝማች ወደ መሐላ ሄዱ። ምስክር ሲጠፋ ነገር የሚያልቀው በመሐላ ነው፤ የሷን ሕመም ደግሞ ማን ገብቶ አይቶ ይመስክር? እንዲህ ወሰኑ፦ ቀኝ እጄን አንሥቼ በቅሎዋ ላይ አሳርፋለሁ፤ "በመታኋት ጊዜ አላመማትም፤ ይህን ብዋሽ የመታሁበት እጄ ይድረቅ" እላለሁ። ከማልኩ ነጻ ነኝ፤ ቋጠሮው ይፈታል።

ባላምባራስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "በል ማልና ይብቃን" አሉኝ፤ የበቅሎዋ ጉዳይ ሌላ ጊዜ ይታያል፣ ልጄም ምግቡም እየጠበቀ ነው አሉ። ልጄ ሲሉ ሰማኋቸው። ሽማግሌዎቼ በዓይናቸው ማል ማል ይሉኛል። ሁለት ቃል ናት። በቀን አሥር ጊዜ ከዚያ የባሰ ለሰው እጽፋለሁ።

እጄን አነሣሁ። በቅሎዋ ራሷን ወረወረች፤ ከነኩታዬ ጎተተችኝ። ኦቦ ገመዳ አረጋጓት። ቀስ ብዬ እጄን ወደ ጀርባዋ አመጣሁ። ገና ሳልነካት፣ እጄ ከቆዳዋ አንድ ስንዝር ሲቀር፣ ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ። ከትከሻዋ ጀምሮ እስከ ወገቧ ድረስ። አልነካኋትም እኮ። ትናንት የላትም ያልኩት ፍጡር፣ ጧት የመታኋትን ከሰዓት በኋላ እየተመታች ነበር።

አፌን ከፈትኩ። "በመታኋት ጊዜ" አልኩ። ቀሪው ቃል እምቢ አለኝ። ግራዝማች ጠበቁኝ። ባላምባራስ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንባዬ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በቅሎ ላይ ተደግፌ፣ በገዛ መታጫዬ ቀን።

"አሟታል ጌታዬ" አልኩ።

ተፈረደብኝ። ያን መሻገሪያ በድንጋይ ደልድዬ በቅሎ ሳትሰጥም እንድታልፍበት እንዳደርግ፣ እስከዚያም እንዳልጋልባት ተወሰነ። ፍርዱንም እኔው ጻፍኩት፤ ጽሕፈቴ ያን ቀን አላማረም። ዋስ ጥራ ሲሉኝ ሽማግሌዎቼን አየሁ፤ ሽማግሌዎቼ ጠጃቸውን አዩ። ያን ጊዜ ያመጡኝ ኦቦ ገመዳ "እኔ እሆነዋለሁ፣ ዋሽቶ የሚጠፋ ቢሆን ቅድም ይምል ነበር" ብለው ዋስ ሆኑኝ።

ባላምባራስም የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ። በቅሎ የሌለው ሰው ይቻላል፣ ሠርቶ ይገዛል፤ በቅሎ የረታችው ሰው ግን ልጄን አያገባም አሉ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። በመመለሻችን ኮርቻውን ከኦቦ ገመዳ ጋር እየተቀባበልን ተሸከምነው፤ ቋጠሮው ተፈትቶ ነበር፣ በቅሎዋ ግን አጠገባችን ሄደች።

መሻገሪያውን በአሥራ አምስት ቀን ሠራሁት። ማመልከቻ መጻፌን አልተውኩም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመም የሚል ቃል ስጽፍ እውነት መሆኑን ሳልጠይቅ አልጽፍም ነበር፤ ገበያዬ ትንሽ ቀነሰ። እንስሳ እንደ ሰው ያመዋል ወይስ አያመውም የሚለውን ክርክር ዛሬም የተማሩ ሰዎች ሲያነሡት እሰማለሁ። እናንተም ትከራከሩ ይሆናል። እኔ በሽታውን አልመረመርኩም፣ መጽሐፍም አላገላበጥኩም። የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ አያመውም ማለት የቀለለኝ ከሩቅ ሆኜ ነው። እጅን አስጠግቶ ማለት ሌላ ነገር ነው። ከተጠራጠራችሁ አስጠግታችሁ ሞክሩት።

ዘነበችን ለሰበታ ሰው ዳሯት፤ ሦስት በቅሎዎችና አንድ መኪና የነበሩት ሰው ነበር። እኔም አግብቼ ወለድኩ። ብዙ ዓመት አልፎ፣ ሁለታችንም ሸምግለን፣ አንድ ቀን ሰበታ አውቶቡስ ስጠብቅ አጠገቤ አገኘኋት። ነጠላዋን በአንድ ጎን ፊቷ ላይ ስባ ለብሳዋለች። አወቀችኝ። ያን ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆና እንዳየችኝ፣ አባቷ ሲመልሱኝ ሦስት ቀን እንዳልበላች ነገረችኝ። ባለቤቷ ደኅና መሆኑን ጠየቅኋት።

"ደኅና ነው" አለች። መንገዱን እያየች ቀጠለች። "ሽማግሌ ባመጣሁበት ቁጥር እጁን ትከሻዬ ላይ ያደርግና አላመማትም ብሎ ይምላል። እሱ መማል አያቅተውም።"

አውቶቡሷ መጣና ተሳፈረች።